መንገዱ የማን ነው? የሹፌርና የብስክሌተኛ ሀቅ

 

ዛሬ ስለ ሶላት አናወራም፤ ወደ ሶላት ስለምንሄድበት መንገድ ነው የምናወራው። መነሻዬ ባለፈው ጁሙዓ ጋምቤላ ላይ በዓይኔ ያየሁት ነገር ነው።

ሰዓቱ ለአዛን ተቃርቦ ነበር። ፀሐዩን የጋምቤላ ልጆች ታውቁታላችሁ፤ አስፋልቱ ራሱ የሚተነፍስ ይመስላል። ዕድሜው አሥራ አምስት የማይሞላ ልጅ ከባሮ ድልድይ በኩል በብስክሌት ይመጣል። ከኋላ ግራና ቀኝ ሁለት ቢጫ ጀሪካን ውኃ አስሯል። አንድ ፒካፕ ከኋላው ደረሰበት። አንድ አጭር ክላክስ ይበቃ ነበር፤ ሹፌሩ ግን እጁን ከክላክሱ ላይ አላነሳም። ልጁ ደንግጦ ወደ ዳር ሲወጣ የፊት ጎማው ከአስፋልቱ ጠርዝ ወርዶ ጠጠር ላይ ተንሸራተተና ከነጀሪካኑ ወደቀ። መኪናው ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ ያነሳዋል ብዬ ስጠብቅ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ሰደበው። ልጁ ከወደቀበት ሲነሳ እጁ ላይ ድንጋይ ነበረ።

በዚያች ደቂቃ ዙሪያውን የቆምነው ሰዎች ብዙ ነበርን። ግማሹ ለልጁ፣ ግማሹ ለሹፌሩ ወግኖ መጮኽ ጀመረ። እኔ ዝም ካሉት ውስጥ ነበርኩ። ከሁላችን ቀድመው የደረሱት መንገድ ዳር ማንጎ የሚሸጡ አንዲት እናት ናቸው። «ልጄ፣ ይህቺን ለእኔ ስጠኝ» ብለው ድንጋዩን ከእጁ ወሰዱት። ነገሩ በዚያው በረደ፤ መኪናውም ሄደ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ሹፌሩን መስጂድ ውስጥ አየሁት። ከእኔ አንድ ሶፍ ቀደም ብሎ ቆሟል፤ የዉዱው ውኃ ከክንዱ ላይ ገና አልደረቀም። ማንነቱን አልናገርም። እኔም መሪ ስይዝ ስንት ጊዜ እንደሱ እንዳደረግኩ አላህ ያውቃል። ግን ኹጥባውን እየሰማሁ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም፦ ያ ልጅ በዚያ አስፋልት ላይ ሀቅ አለው ወይስ የለውም?

ጋምቤላን ያየ ሰው ለብስክሌት የተሠራች ከተማ ናት ቢል አይፈረድበትም። ከባሕር ወለል በላይ 526 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋች ሜዳ ናት፤ አዲስ አበባ ላይ ብስክሌተኛን ትንፋሽ የሚያሳጣው ዳገት እዚህ የለም። በየቀኑ ለባጃጅ የሚከፍለው ለሌለው ተማሪና የቀን ሠራተኛ ብስክሌት እግሩ ነው። በዚያው አስፋልት ላይ ደግሞ ወደ ኢታንግና ወደ አቦቦ በኩል ላሉት የስደተኛ መጠለያዎች የሚጭኑ አይሱዙዎች፣ የእርዳታ ድርጅቶች ላንድ ክሩዘሮች፣ ባጃጆች፣ ሞተሮችና ከብቶች ይጋፋሉ። ከተማዋ ራሷ ከመንገድ የተወለደች ናት። እ.ኤ.አ. በ1902 አፄ ምኒልክና እንግሊዞች በተዋዋሉት መሠረት ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተከፈተ፤ ክረምት ወንዙ ሲሞላ መርከብ ከካርቱም እዚህ ይደርስ ነበር፤ ቡናውም ከደጋው በጎሬ በኩል በጭነት ወደ ወደቡ ይወርድ ነበር። ያኔም ጫኝና እግረኛ በጠባብ መንገድ ሳይጋፉ አልቀሩም። አንዱ ከሌላው ሃያ እጥፍ አለመክበዱ ግን ነገሩን ያቀለው ነበር።

ሹፌሮችን ስትጠይቋቸው የሚነግሯችሁ አላቸው። ብስክሌተኛው ሳያይ ይታጠፋል፤ ሲመሽ መብራት የለውም፤ በተቃራኒ አቅጣጫ ይመጣል፤ ጓደኛውን ከኋላ ጭኖ ጎን ለጎን እያወራ ይነዳል፤ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ብስክሌተኞችን ጠይቁ፤ መኪናው ክንዳችንን እየነካ ያልፋል፤ ባጃጁ ተሳፋሪ ያየ እንደሆነ ያለ ፍሬቻ ከፊታችን ታጥፎ ይቆማል፤ የቆመ መኪና በር ድንገት ይከፈትብናል፤ ዳሩን ይዘን ብንሄድ ጠጠርና አሸዋው ይጥለናል። ይህም እውነት ነው። ሁለቱም እውነት ይዘው ይጣላሉ። ሁለቱም ግን «መንገዱ የእኔ ነው» ከሚለው ቃል ነው የሚነሱት።

እስኪ ወደ መዲና እንመለስ። ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት፣ ሰዎች በመንገድ ስፋት በተጨቃጨቁ ጊዜ መልዕክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) ሰባት ክንድ እንዲሆን ፈርደዋል። ይህን ሐዲስ ብዙዎቻችን አልሰማነውም፤ ከመሬት ሽያጭና ከግንብ ጋር ብቻ የተያያዘ ይመስለናል። ሰባት ክንድ በእኛ መለኪያ ከሦስት ሜትር ትንሽ ያልፋል፤ የዛሬ አንድ የመኪና መስመር ስፋት ማለት ነው። ለምን ያን ያህል? ዓሊሞች ሲያብራሩ፣ የተጫነ እንስሳ ሲገባና ሲወጣ ሳይቸገር እንዲያልፍ ነው ይላሉ። ልብ በሉ፤ መለኪያው የወጣው ከመሬቱ ባለቤት ፍላጎት አይደለም፣ ከሚያልፉት ሰዎች ፍላጎት ነው። መንገድ የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ የአላፊው ሁሉ የጋራ ሀቅ ነው። ግንቡን ወደ መንገድ ያስገፋ ሰው ሀቅ ወስዷል ካልን፣ ብስክሌተኛውን ወደ ጠጠር የገፋው ሹፌርስ ምን ወሰደ?

የመንገድን ሀቅ በተመለከተ የታወቀውን ሐዲስ ሁላችንም ከልጅነት እንሰማለን፤ መንገድ ዳር የሚቀመጥ ሰው ዓይኑን ይስበር፣ ሰላምታ ይመልስ፣ በመልካም ይዘዝ፣ ከመጥፎ ይከልክል፣ ማንንም ከማስቸገር ይታቀብ የሚለውን። ይህ እንግዲህ ለተቀመጠ ሰው ነው። ቁጭ ብሎ ማንንም የማይገጭ ሰው ይህን ያህል ግዴታ ካለበት፣ አንድ ቶን ተኩል ብረት እየነዳ የሚያልፈው ምን ያህል ይኖርበታል?

አሁን ትንሽ ስሌት እንሥራ፤ አትሰልቹ፣ አጭር ነው። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ብስክሌት በአንድ ሰከንድ 4 ሜትር ያህል ትጓዛለች። በ60 የሚሄድ መኪና በዚያችው ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ሹፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪነካ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል፤ ስለዚህ ፍሬኑ ገና መያዝ ሳይጀምር 17 ሜትር ሄዷል ማለት ነው። በ30 ቢሄድ ኖሮ 8 ሜትር ነበር የሚሆነው። የምቱ ኃይል ደግሞ እንደ ፍጥነቱ አይደለም የሚጨምረው፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የምቱ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። የሚገኘውስ ትርፍ? ከተማ ውስጥ 3 ኪሎ ሜትር በ30 ብትነዳ 6 ደቂቃ ይፈጅብሃል፤ በ60 ብትነዳ 3 ደቂቃ። ትርፉ ሦስት ደቂቃ ነው። እሷንም መስጂድ በር ላይ መኪና ማቆሚያ ስትፈልግ ትጨርሳታለህ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና በሞተርና በባለ ሦስት እግር የሚሄዱ ናቸው፤ ብረት የማይከልላቸው ማለት ነው። ስለዚህ «ሁለታችንም እንጠንቀቅ» የሚለው ምክር ትክክል ቢሆንም እኩል አይደለም። ብስክሌተኛው ሲሳሳት አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው ራሱ ነው። ሹፌሩ ሲሳሳት ግን የሚሞተው ሌላ ሰው ነው።

ይህ የአቅም ልዩነት በሱና ውስጥ ቦታ አለው። በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው፣ በእንስሳ ላይ የተቀመጠው በእግር ለሚሄደው፣ የሚሄደው ለተቀመጠው፣ ጥቂቶቹም ለብዙዎቹ ሰላምታ እንዲጀምሩ ታዘዋል። ከፍ ያለው ነው የሚጀምረው! ከዓሊሞች አንዳንዶቹ ምክንያቱን ሲናገሩ፣ ከፍ ብሎ መቀመጥ ልብ ውስጥ ኩራት ስለሚያስገባ ሰላምታው ያን ኩራት እንዲያወርደው ነው ብለዋል። በዘመናችን ሲተረጎም፣ ባለመኪናው ለብስክሌተኛው፣ ብስክሌተኛው ለእግረኛው ይጀምራል። ክላክስ ከመንካትህ በፊት እጅህን ከፍ አድርገህ «እለፍ ወንድሜ» ማለት ምን ያስከፍልሃል? ሞክረው። ሰላም ያልከው ሰው ላይ ዓይንህ እያየ ልትገፋው አትችልም፤ እሱም ድንጋይ አያነሳብህም።

ስለ ክላክስ ካነሳን ሱረቱል ሉቅማን ላይ ሉቅማን ልጁን የመከረውን አስታውሱ። በኩራት አትሂድ፣ አካሄድህን መካከለኛ አድርግ፣ ድምፅህንም ዝቅ አድርግ ይለዋል፤ ከዚያ ከድምፆች ሁሉ የሚያስጠላውን በአህያ ድምፅ ይመስለዋል። አካሄድና ድምፅ እዚያው ጎን ለጎን ነው የመጡት። እኔ ይህን አንቀጽ በቀራሁ ቁጥር የከተማው ክላክስ ትዝ ይለኛል፤ ትርጓሜ እየሰጠሁ አይደለም፣ ትዝ ስለሚለኝ ነው። ክላክስ ለማስጠንቀቂያ የተሠራ ዕቃ ነው። ከሩቅ አንዴ አጭር አድርገው፣ ብስክሌተኛው መምጣትህን ይወቅ። ጀርባው ላይ ደርሰህ ካስጮህከው ማስጠንቀቅ አይባልም፣ ማስደንገጥ ነው። ሙስሊምን ማስደንገጥ የተከለከለ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ሙስሊም ያልሆነውንስ ማስደንገጥ ማን ፈቀደ?

አንዳንዱ ወንድሜ «ቸኩዬ ነው፣ ሶላት ሊያመልጠኝ ነው» ይላል። የሐጅን ታሪክ ተመልከቱ። መልዕክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) ከዐረፋ ሲመለሱ ከኋላቸው የግመሎች ግርፊያና ጩኸት ሰሙ። ወደ ሕዝቡ ዞረው በአለንጋቸው እያመለከቱ፣ ተረጋጉ፣ መልካም ሥራ በመጣደፍ አይደለም የሚል መልዕክት አስተላለፉ። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ናቸው የዘገቡት። ሌላ ዘገባ ደግሞ አለ፤ በኡሳማ (ረ.ዐ) የተነገረ። በዚያው ጉዞ በመካከለኛ እርምጃ ይሄዱ ነበር፤ ክፍት ቦታ ሲያገኙ ግን ያፈጥኑ ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ስታነቡ እንዴት ያለ የመንጃ ፈቃድ ትምህርት ይወጣቸዋል! መፍጠን በራሱ ኃጢአት አይደለም። ሰው በተጨናነቀበት መፍጠን ነው ችግሩ። እሱም በሐጅ ላይ፣ ለዒባዳ በሚሄዱበት ሰዓት ነው የተነገረው። በረመዳን ከመግሪብ በፊት ባሉት ሃያ ደቂቃዎች መንገዶቻችን ምን እንደሚመስሉ እናንተው ታውቃላችሁ። ቴምሩ አይሸሽም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። መንገድ ላይ የተጀመረ ነገር የት ሊደርስ እንደሚችል የጋምቤላ ሰው ሊነገረው አይገባም። ሚያዝያ 13 ቀን 2008 ዓ.ም. ከጋምቤላ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው የጀዊ የስደተኞች መጠለያ አንድ ተሽከርካሪ ሁለት የደቡብ ሱዳን ስደተኛ ሕፃናትን ገጭቶ ገደለ። ከጥቂት ቀናት በፊት ከድንበር ማዶ የመጡ ታጣቂዎች በክልሉ ከ200 በላይ ሰዎች ገድለው፣ ሕፃናት ወስደው ስለነበር የሁሉም ልብ የቆሰለበት ሳምንት ነበር። የሕፃናቱን ሞት ያዩ ሰዎች በቁጣ ተነስተው በአካባቢው ያገኟቸውን ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ገደሉ፤ ቢያንስ አሥር ሰዎች ሞቱ። መሪውን አልጨበጡም። መኪናው የእነሱ አልነበረም። ሕፃናቱም በማንም ላይ ጥፋት አልነበረባቸውም። ከአንድ አደጋ የሁለት ወገን እናቶች አለቀሱ።

ቁርኣን አንዲት ነፍስ የሌላዋን ሸክም እንደማትሸከም በተደጋጋሚ ይነግረናል። ግጭት ሲፈጠር መጀመሪያ የምንረሳው ይህን ነው። «ባጃጆች ናቸው»፣ «የእነ እንትና ልጆች ናቸው»፣ «የድርጅት ሹፌሮች ናቸው» እንላለን። ያጠፋው ግን አንድ ሰው ነው። እናንተ ወጣቶች ከተሰበሰበው ሰው መሃል ስትሆኑ ሥራችሁ ሦስት ነገር ነው፦ የቆሰለውን ማንሳት፣ ድንጋይ የያዘውን እጅ መያዝ፣ ትራፊክ ፖሊስ መጥራት። ቪዲዮ መቅረጹ አራተኛ እንኳ አይደለም። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ በክልሉ ሙስሊሙ ከመቶ አምስት ገደማ ነበር። ጎረቤቶቻችን ዲናችንን ከኪታብ አያነቡም፤ መንገድ ላይ ከእኛ ነው የሚያዩት።

«ሳላስበው ነው የገጨሁት» ለሚል ሰው ሸሪዓው ምን ይላል? ሱረቱ አን-ኒሳእ ላይ በስህተት የሰው ነፍስ ያጠፋ ሰው ለቤተሰቡ የደም ካሳ እንዲከፍልና ከፋራ እንዲያወጣ ታዟል፤ ነፃ የሚያወጣው ባሪያ ያላገኘ ሁለት ወር በተከታታይ ይጾማል። ቤተሰቡ ካሳውን ይቅር ሊል ይችላል፤ ጾሙ ግን በእሱና በአላህ መካከል ያለ ዕዳ ነው። ስልሳ ቀን ገደማ ሳይቋረጥ፣ በጋምቤላ ሙቀት! ስልክህን እያየህ ስትነዳ ይህን አስብ።

የእስላማዊ ትብብር ድርጅት የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1993 ብሩናይ ላይ ባደረገው ስምንተኛ ጉባኤ ስለ ትራፊክ አደጋ ውሳኔ አሳልፏል። ከሸሪዓ ጋር የማይጋጭ የትራፊክ ሕግን ማክበር ሃይማኖታዊ ግዴታ መሆኑን ገልጿል። ሹፌር ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው፤ ሊከላከለው በማይችለው ነገር ወይም በተጎጂው ጥፋት ካልሆነ በስተቀር። ሁለቱም ካጠፉ እያንዳንዳቸው የድርሻቸውን ይሸከማሉ። ይህ የመጨረሻው ለብስክሌተኞችም ነው። «እኔ ደካማ ነኝና ሁልጊዜ ሀቀኛ ነኝ» አይባልም። ቀይ መብራት ጥሰህ፣ ያለ መብራት በጨለማ፣ በተቃራኒ መስመር ከመጣህ ድርሻህን ይዘሃል። ዝምተኛዋ ብስክሌት ከአንድ አዛውንት ጀርባ በፍጥነት ስትደርስ ለእሳቸው አንተም አይሱዙ ነህ።

በአገራችን ሕግም ቢሆን የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ባለሞተር ተሽከርካሪ ያለ መድን መንገድ ላይ እንዳይወጣ ያዛል። የተገጨ ብስክሌተኛም በዚህ ይካተታል። ገጭቶ ያመለጠው መኪና ባይታወቅ እንኳ ለተጎጂው የሚደርስ የመድን ፈንድ አለ። ስለዚህ «መንገድ ላይ እንጨርሰው» ብለህ በሽማግሌ ሃምሳና መቶ ብር ተቀብለህ አትሂድ፤ የውስጥ ጉዳት ማታ ነው የሚነሳው። መጀመሪያ ሐኪም ይይህ። ሽምግልናው ከዚያ በኋላ ይደርሳል፤ ይቅርታም ያምራል።

በተግባር ጥቂት ነገር ልጨምር። ብስክሌተኛን ስታልፍ ርቀት ስጥ፤ ጀርመን ውስጥ ከተማ ላይ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል በሕግ ይጠየቃል፤ ክንድህን ዘርግተህ ያንን ያህል ካልቀረ አትለፍ፣ ከኋላው ጠብቅ። ጭነት የያዘ ብስክሌት እንደሚወላገድ እወቅ። ከቆመ መኪና ስትወርድ በሩን ከበሩ ራቅ ባለው እጅህ ክፈተው፤ ሰውነትህ ስለሚዞር ከኋላ የሚመጣውን ታያለህ። አንተ ብስክሌተኛው ደግሞ ስትታጠፍ እጅህን አሳይ፣ ከኋላ ቀይ አንጸባራቂ ለጥፍ፣ ፍሬንህን ጁሙዓ ጠዋት ፈትሽ። እህቴ፣ በብስክሌት የምትሄጂ ከሆነ የልብስሽ ጫፍ ካቴናው ውስጥ እንዳይገባ ሰብስበሽ እሰሪው፤ ይህ የብዙዎች መውደቂያ ነው።

አገራችን እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ ሞተር አልባ የትራንስፖርት ስትራቴጂ አላት፤ አዲስ አበባም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመሮች እየሠራች ነው። ለእኛ እስኪደርስ ግን መስመሩ የሹፌሩ ልብ ውስጥ ነው የሚሠመረው። ከመስጂዳችን በር መጀመር እንችላለን። ጁሙዓ ቀን መኪናና ባጃጃችንን ሁለት ረድፍ አቁመን መንገዱን ስንዘጋ፣ ብስክሌተኛው መሃል አስፋልት ላይ ለመውጣት ይገደዳል። ሶላት ላይ ሶፍ ማስተካከል የምንወድ ሰዎች ውጭ ያለውን ሶፋችንን እንርሳው?

ስለ ልጁ ጠይቃችሁኝ ይሆናል። ከሶላት በኋላ ስመለስ የብስክሌት ጠጋኙ ዘንድ፣ ከዛፉ ስር ተቀምጦ አገኘሁት። ክርኑ ተልጧል፣ አንደኛው ጀሪካን ተሰንጥቋል፣ የፊት ጎማው ተጣሟል። ጠጋኙ ጎማውን እያሽከረከረ ያቃናል። የውኃውን ሰው ገንዘብ እንዴት እንደሚመልስ ነበር ልጁ የተጨነቀው። ዝም ብዬ ስለቆምኩበት ድርሻ የጠገናውን ግማሽ ከፈልኩ። ግማሹ ገና አልተከፈለም። ወንድሜ፣ ፒካፑን ስትነዳ የነበርከው፣ ይህን ካነበብክ ጠጋኙ ዛሬም እዚያው ዛፍ ስር ነው።